ሹሩባ፣ ነጠላና የተሰወረው የልብ ሰው፦ ሐዋርያቱ ስለ ሴት ጌጥ ምን አሉ?

ወሎዬ ሆኖ ስለ ሴት ውበት የሚጽፍ ሰው ዘፈን ነው የሚጠበቅበት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ የአራቱም ቅኝቶች ስም ከዚህ ምድር ጋር ነው የሚነሳው፣ ግጥሙም ዞሮ ዞሮ ከዓይን፣ ከአንገትና ከጥርስ አያልፍም። ዘፈኑን ለባለሙያዎቹ እንተውና እኔ ወደ ሌላው ልግባ። እዚህ ያደገች ክርስቲያን ልጅ ስለ መልኳ ሁለት ዓይነት ትምህርት ሰምታ ነው የምታድገው። ቤት ውስጥ እናቷና አክስቶቿ «ሴት ልጅ ራሷን ትጠብቃለች» ይሏታል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደግሞ «ውበት ሐሰት ነው፥ ደም ግባትም ከንቱ ነው» ሲባል ትሰማለች። ሁለቱን እንዴት እንደምታስታርቃቸው ግን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳት የለም።

የቤቱ ትምህርት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወይባን ብቻ ውሰዱ። በቤቱ ጥግ ትንሽ ጉድጓድ አለች፣ የወይባው እንጨት እዚያ ውስጥ ይጨሳል፣ ሴትዮዋ ከላይ ትቀመጥና ከአንገቷ በታች በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ትጠቀለላለች። የሚታየው ጭንቅላቷ ብቻ ነው። ላብ በላብ ሆና ስትነሳ ቆዳዋ ወደ ቢጫ ያደላ ወዝ ይዟል፣ ሽታው ደግሞ ቶሎ አይለቅም። እንሶስላው ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይደረጋል። ቅቤው ለጸጉር፣ ኩሉ ለዓይን። ሙሽራም አራስም በዚህ ታልፋለች፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም። ወሎ ውስጥ ሁለቱን በሻሽ ወይም በጢስ ሽታ ለመለየት የሚሞክር ሰው ግራ ይጋባል፤ የሚለያቸው አንገት ላይ ያለው ማተብ ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ኃጢአት ነው? አይደለም። ግን «አይደለም» ብሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም ጥቅሶቹ በእርግጥ አንድ ነገር ይከለክላሉ፣ የሚከለክሉት ነገር ደግሞ እኛ ጣታችንን ከምንቀስርበት ሌላ ቦታ ነው ያለው።

መጀመሪያ እናንብባቸው። ጴጥሮስ ለሚስቶች ሲጽፍ እንዲህ ይላል፦ «ለእናንተም ጠጕርን በመሸረብና ወርቅን በማንጠልጠል ወይም ልብስን በመጎናጸፍ በውጭ የሆነ ሽልማት አይሁንላችሁ፤ ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት ዋጋው እጅግ የከበረ የዋህና ዝግተኛ መንፈስ ያለውን የማይጠፋውን ልብስ ለብሶ የተሰወረ የልብ ሰው ይሁንላችሁ» (1ኛ ጴጥ. 3፥3-4)። ጳውሎስ ደግሞ ኤፌሶን ለነበረው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ሴቶች በሽሩባ፣ በወርቅ፣ በዕንቁ ወይም «ዋጋው እጅግ በከበረ ልብስ» ሳይሆን መልካም በማድረግ እንዲሸለሙ ይላል (1ኛ ጢሞ. 2፥9-10)።

እንደ ወረደ ካነበብነው ጴጥሮስ የጠራቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ መሸረብ፣ ወርቅ ማንጠልጠል፣ ልብስ መጎናጸፍ። ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ። ቃል በቃል ይፈጸም ካልን ዕርቃናችንን ልንሄድ ነው! እንዲህ የሚል ሰባኪ እስካሁን አልገጠመኝም፣ ተመስገን ነው። እንግዲያው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንደ ሕግ አጥብቆ ይዞ ሦስተኛውን በዝምታ መዝለል አያስኬድም። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ናቸው። ጴጥሮስ የሚጠይቀው ክብርሽ ከየት ነው የሚመጣው፣ ሰው የሚያውቅሽ በምንድን ነው፣ አንቺስ ራስሽን የምትመዝኚው በምን ነው የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ ደብዳቤዎቹ የተጻፉበትን ዘመን ማየት ያግዛል። የሮም ግዛት ባለጸጋ ሴቶች ጸጉራቸውን የሚሠሩላቸው ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ባሪያዎች ነበሩ። በጋለ ብረት ይጠቀለላል፣ በመርፌና ክር ይሰፋል፣ ወርቅ ይጨመርበታል። አንዲት ጥቅል ከቦታዋ ስትወጣ ባሪያዋን የምትመታ እመቤትን የዘመኑ ገጣሚዎች እየቀለዱ ጽፈውባታል። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ደግሞ የንጉሡ የካሊጉላ ሚስት የነበረችውን ሎሊያ ፓውሊናን በዓይኑ እንዳያት ይናገራል። ድግሱ ታላቅ በዓል እንኳ አልነበረም፤ ተራ የእጮኝነት ግብዣ ነው። ሴትዮዋ ግን ከራሷ እስከ ጣቷ መረግድና ዕንቁ ሆና ነበር። ዋጋው 40 ሚሊዮን ሴስተርስ። ካላመናችሁኝ ብላ የግዢውን ሰነድ ለማሳየት ዝግጁ ነበረች ይላል። በዚያን ጊዜ አንድ የሮም እግረኛ ወታደር በዓመት የሚያገኘው 900 ሴስተርስ ነበር። ስታካፍሉት ከ44 ሺህ በላይ ወታደሮች የዓመት ደሞዝ አንድ ሴት አንገትና ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ሐዋርያቱ «ሹሩባ» ሲሉ አድማጮቻቸው የሚታያቸው ይሄ ዓለም ነው። የእኛን ሹሩባ ደግሞ አስቡት። አክስት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ልጅቷ መሬት ላይ በአክስቷ ጉልበቶች መሀል። ሚዶው አለ፣ ቅቤው በስኒ ቀርቧል። «ዝቅ በይ እንጂ!» «ኧረ አመመኝ እትዬ!» ይባላል፣ የሰፈሩ ወሬ አብሮ ይሸረባል፣ ክፍያው ቡና ነው። ይህን ከሎሊያ ፓውሊና ጋር በአንድ ስም ስለሚጠራ ብቻ በአንድ ጥቅስ መኮነን ጴጥሮስን አለመስማት ይመስለኛል። እንዲያውም ዋናውን ነገር ያስመልጠናል። ጳውሎስ በዝርዝሩ መጨረሻ ያስቀመጠው ቃል ዋጋ ነው፤ ዋጋው እጅግ የከበረ። ከአንዷ ጋር አብራ ለመጸለይ የቆመችዋን ሌላዋን ሴት የሚያሳንስ፣ ቤት ያለውን ልጅ ወይም ደጅ ያለውን ድሃ የሚያስረሳ ዋጋ።

ብሉይ ኪዳንም ከዚህ አይርቅም። ርብቃ ከአብርሃም ሎሌ የወርቅ ቀለበትና አምባር ተቀብላ አድርጋለች (ዘፍ. 24)፣ ማንም አልተቆጣትም። «ውበት ሐሰት ነው» የምትለዋን ጥቅስ የሚወድ ሁሉ ከእሷ ስምንት ቁጥር ከፍ ብሎ ቢያነብ፣ ያችው የተመሰገነች ሴት «ጥሩ በፍታና ቀይ ሐምራዊ ግምጃ» ለብሳ ያገኛታል (ምሳ. 31፥22)። ደግሞ ሐምራዊ በዚያን ጊዜ የርካሽ ልብስ ቀለም አልነበረም። ግን ሠርታ፣ ቤተሰቧን አልብሳ፣ እጇን ለድሃ ዘርግታ ነው የለበሰችው። ኢሳይያስ በ3ኛው ምዕራፍ የጽዮንን ሴቶች አልቦ፣ ኩፍታ፣ ድሪና ሽቶ አንድ በአንድ እየቆጠረ ሲገሥጽ የሚጠቅሱት ብዙ ናቸው። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቁጥሮች የድሆች ብዝበዛ በቤታችሁ አለ፣ የድሆችን ፊት ትፈጫላችሁ ብሎ አለቆቹን መክሰሱ ግን አብሮ አይነበብም። ነቢዩ የተቆጣው ጌጡ የመጣበትን መንገድ አይቶ ነው።

እና ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ውበትን ትፈራለች? ላሊበላ ቤተ ማርያም ገብቶ ቀና ያለ ሰው ይህን አይልም። ጣሪያው፣ ቅስቱ፣ ዓምዱ በቅርጽና በቀለም የተሞላ ነው፤ መሀል ላይ ያለው አንዱ ዓምድ ደግሞ በጨርቅ ተሸፍኖ ይኖራል፣ አይታይም። የሚታይ ውበትና የተሰወረ ክብር በአንድ ጣሪያ ሥር። በዳዊት መዝሙርም «ንግሥቲቱ በቀኝህ ትቆማለች» የሚለው ለእመቤታችን ሲዜም በወርቅ ልብስ ተጎናጽፋና ተሸፋፍና ነው የምትቆመው (መዝ. 44)። መልክአ ማርያም የሚደግም ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ ከስሟ ተነስቶ የራሷን ጸጉር፣ ፊቷን፣ ዓይኗን፣ ከንፈሯን እያለ እስከ እግር ጥፍሯ ድረስ ሰላም ይላል። የሴትን አካል አሳፋሪ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሃይማኖት እንዲህ ዓይነት ጸሎት ከየት ያመጣዋል? ለጥፍር ሳይቀር ሰላምታ ሰጥቶ!

ይልቅ ወሎዎች ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምር ትልቅ ታሪክ በእጃችን ይዘን በዚህ በኩል ስናነበው አይታይም። የቅድስት አርሴማ ታሪክ ነው። ስባ ቅድስት አርሴማ የማይሄድ፣ ያልተሳለ ወይም በስሟ የሚምል ዘመድ የሌለው ወሎዬ ክርስቲያን ማግኘት ይከብዳል። መስከረም 29 በዓሏ ነው። ታሪኩን ግን ሰው ሲተርከው ወደ ሰማዕትነቱና ወደ ተአምሩ ቶሎ ያልፋል፣ መነሻው ውበት መሆኑን ይረሳዋል።

የቅዱሳን ታሪክ በየቀኑ የሚነበብበት መጽሐፍ፣ ስንክሳሩ፣ የሚለው እንዲህ ነው። ንጉሡ ዲዮቅልጥያኖስ ሚስት ፈለገና ሠዓሊዎች ላከ፤ ቆንጆ ሴት ፈልጋችሁ ሥዕሏን አምጡልኝ አላቸው። ዞረው ዞረው ሮም ውስጥ ከደናግል ገዳም ገቡና አርሴማን ሣሉ። አስቡት፤ ልጅቷ ገበያ አልወጣች፣ ሰርግ ቤት አልሄደች፣ ማንንም እዩኝ አላለች። ገዳም ውስጥ ናት። እዚያ ድረስ ገብተው መልኳን ወሰዱት። ከእመ ምኔቷ ከአጋታና ከእህቶቿ ጋር ሸሽታ አርማንያ ስትደርስ ደግሞ የዚያው አገር ንጉሥ ድርጣድስ አያትና ለእኔ ትሁን አለ። እምቢ አለች። ሊያስገድዳት ሲታገላት አሸነፈችው፣ ንጉሡ በሴት ልጅ መሸነፉ አሳፈረው፣ አስገደላት።

አሁን ከዚህ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። አርሴማ በመቆንጀቷ አልተወቀሰችም፣ በየትኛውም መስመር «ብትሸፈን ኖሮ» የሚል ቃል የለም። መልኩ የተለወጠው ንጉሡ ነው። ድርጣድስ እንደ እርያ ሆነ ይላል። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ለዓመታት ከተጣለበት ጉድጓድ ወጥቶ እስኪጸልይለት ድረስ የሰው መልክ አልነበረውም። ቆንጆዋን ሴት እንደ ዕቃ ያየ ዓይን የራሱን ፊት አጣ። ለእኔ ስለ ውስጥና ስለ ውጭ ውበት ከዚህ የበለጠ የተብራራ ስብከት የለም። ጌታም ያው ነው ያለው፤ ሴትን አይቶ የተመኛትን ሰው ከተናገረ በኋላ «ቀኝ ዓይንህ ብታሰናክልህ» ብሎ ወደ ተመልካቹ ዞረ (ማቴ. 5፥28-29)። ሂድና ልብሷን አስተካክል አላለውም።

ይህን የምለው ደጀ ሰላም ላይ ልጃገረዶችን አስቁሞ የሚያመናጭቅ ሰው ስለበዛ ነው። ቆሞ የሚቆጣው አብዛኛውን ጊዜ ጎረምሳ ነው፣ የምትሸማቀቀው ለመጸለይ የመጣች ልጅ ናት፣ ተሸማቃ የተመለሰች ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች። ወደ ነጥቤ ልመለስ።

ሐዋርያቱ የተናገሩት ስለ ዋጋ ከሆነ፣ ዛሬ እነዚያ ጥቅሶች የሚነኩት ማንን ነው? እንደ እኔ ነጩን ልብሳችንን ነው። አዎ፣ ጨዋ የምንለውን። ነጠላ መልበስ ድሮ ሁሉን የሚያስተካክል ነገር ነበር፤ ባለጸጋዋም ድሃዋም ነጭ ለብሳ ስትቆም ከሩቅ ማን ማን እንደሆነች አይታወቅም። አሁን ግሸን ማርያም በመስከረም 21 ወይም ጥምቀት ዕለት ደሴ ላይ ቆማችሁ እዩ። ጥለቱ ዘንድሮ የወጣ ነው፣ ቀሚሱ በልክ የተሰፋ ነው፣ ነጠላው ከቀሚሱ ጋር፣ የልጆቹ ከእናትየው ጋር፣ የባልየው ከሁሉም ጋር ይመሳሰላል። አንዷ ያምናውን ደግማ ከለበሰች «ይሄ ያምናው አይደል?» የምትል አትጠፋም። እኛ ሴቶች ነን ደግሞ እንዲህ የምንባባለው፣ ወንዶቹ ጥለት መቼ ይለያሉ። አንድ ቀሚስ ብዙ ሺህ ብር ነው፣ ለበዓሉ ተብሎ ዕቁብ የሚገባ፣ የሚበደር አለ።

ደግሞ ልብስ ስለሌላት ብቻ የማትመጣ ሴት አለች። «እስቲ ምን ለብሼ ልሂድ» ትላለች። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ከተፈናቀለችበት በአንድ ልብስ የመጣች እናት፣ የቀን ሥራ ላይ ያለች ሴት። ነጠላዋ አርጅቷል፣ ታጥቦ ታጥቦ መልኩ ጠፍቷል። ብትመጣም ከዛፉ ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ ነው የምትቆመው። ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ እድፋም ልብስ የለበሰውን ድሃ «አንተስ ወደዚያ ቁም» ብትሉ ክፉ አሳብ ያላችሁ ዳኞች ሆናችኋል ይላል (ያዕ. 2፥2-4)። እኛ በአፋችን ወደዚያ ቁሚ አላልናትም። ማለትም አላስፈለገንም።

ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ነገር በዘመኑ ሳያሽሞነሙን ተናግሮታል። የጳውሎስን ቃል ሲተረጉም ልትጸልዪ መጥተሽ በወርቅ ትሸለሚያለሽ ወይ፣ ወደ ጭፈራ ነው የመጣሽው ወይስ ወደ ሰርግ ብሎ ይጠይቃል። ግን በሴቶቹ ብቻ አላቆመም። የማቴዎስን ወንጌል ሲያስተምር ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ዞሮ፣ ክርስቶስን እዚህ ውስጥ በሐር አክብራችሁ ደጅ ላይ በብርድና በዕርቃን አትተዉት አለ። የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ንግሥቲቱንና ባለጸጎቹን አስቀየመ፤ ተሰድዶ በ407 እ.ኤ.አ. በስደት ሞተ። መጋረጃና ምንጣፍ ለመለወጥ መዋጮ ስንጠራ ይህን ስብከት ብናስታውስ ጥሩ ነው። መጋረጃው አይለወጥ አላልኩም። አብሮ የሚነሳ ሌላ ስም ይኑር ነው።

«መልካም በማድረግ ይሸለሙ» የሚለው ነገር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ደግሞ የዝክር ወይም የሰንበቴ ቀን ወደ ማድቤት ይግባ። ገና ሳይነጋ የተነሱ ሴቶች አሉ። አንዷ ምጣዱን አስሳ ጢሱን በእጇ እያባረረች ትጋግራለች፣ አንዷ ወጥ ታማስላለች፣ የቀሚሷ ጠርዝ አመድ ነው፣ ጣቷ በርበሬ ለብሷል፣ ሻሿ ላይ ጥቀርሻ አርፏል። ቅዳሴውን የምትሰማው በድምጽ ማጉያ ነው። ምግቡ ሲቀርብ ጨርሳ ታጥባ እስክትመጣ ጸሎቱ አልቋል፣ ፎቶም ካለ እሷ ፎቶው ውስጥ የለችም። ጳውሎስ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስለሚጻፉ፣ ዕድሜያቸው 60 ስለሞላ መበለቶች ሲናገር መመዘኛው ይሄው ነበር፤ ልጆች አሳድጋ እንደሆነ፣ እንግዶች ተቀብላ እንደሆነ፣ የቅዱሳንን እግር አጥባ እንደሆነ፣ የተጨነቁትን ረድታ እንደሆነ (1ኛ ጢሞ. 5፥9-10)። መልክ ታጥቦ አይጠጣም የሚለው የአገራችን ተረት ከጳውሎስ ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ «እና ሥርዓት አያስፈልግም እያልሽ ነው?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ነጠላችንን መስቀልያ አጣፍተን፣ ራሳችንን ተከናንበን፣ ጫማ አውልቀን ነው፤ ሐዘን ላይ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ መልበስ እንዳለ ሁሉ እዚህም የቦታው ወግ አለ። መከናነቡን ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎታል፤ በዚያው ምዕራፍ ሴቲቱ የምትጸልይና ትንቢት የምትናገር መሆኗንም አብሮ ይነግረናል (1ኛ ቆሮ. 11፥5)። የሥርዓትን ነገር ከድኅነት ነገር ጋር አለመቀላቀል ነው ጉዳዩ። ሱሪን የሚከለክሉት ዘዳግም 22፥5ን ይጠቅሳሉ፤ እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 11 ላይ ከበግ ጠጉርና ከተልባ እግር ተቀላቅሎ የተሠራ ልብስ አትልበስ ይላል፣ ኮታቸውን ገልብጠው የጨርቁን ዓይነት ሲያነቡ ግን አላየሁም። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም መስመራቸውን የየራሳቸው አድርገዋል፤ አድቬንቲስቶች ለምሳሌ ከጌጣጌጥ ይርቃሉ፣ ሌላው ፕሮቴስታንት ብዙውን ጊዜ ለሰውየው ይተወዋል። መስመሩ የትም ይሰመር፣ ያላደረገችው ያደረገችውን ከናቀች ነገሩ ተበላሽቷል። ጌጥ ባለማድረግም መኩራራት አለና።

«የዋህና ዝግተኛ መንፈስ» የሚለው ቃል ሌላው የሚያስቸግር ነገር ነው። ስንቷ ሴት ናት በዚህ ጥቅስ «ዝም በይ» የተባለችው! ተደብድባ እንኳ «ቻይው፣ የዋህ ሁኚ» የተባለች። «እኔ የዋህ በልቤም ትሑት ነኝና» ያለው ጌታ ነው፤ የቤተ መቅደሱን ነጋዴዎች ገበታ የገለበጠውም እሱ ነው። አቢግያንም እዩ። መጽሐፉ አእምሮዋ ታላቅ፣ መልኳም የተዋበ ብሎ ሁለቱን በአንድ ላይ ካመሰገናቸው ሴቶች አንዷ ናት (1ኛ ሳሙ. 25)። ባሏ ናባል ዳዊትን ሰድቦ ቤቱ ሊጠፋ ሲል ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ሁለት መቶ እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን፣ አምስት የተዘጋጁ በጎች፣ የተጠበሰ እሸት፣ ዘቢብና በለስ በአህዮች አስጭና፣ ለባሏ ሳትነግር፣ አራት መቶ ሰው አስከትሎ ሰይፉን ታጥቆ ወደሚመጣው ሰው ፊት ወጣች። ጎንበስ ብላ ተናገረች፤ የተናገረችው ግን ዳዊትን ከደም ዕዳ መለሰው። የወሎ እናቶች ይህን ዓይነት ሴት ያውቋታል፣ «ሙያ በልብ ነው» የሚሉት እሷን ነው።

ስለ ዘንድሮው ነገር ደግሞ ባጭሩ። ሂውማን ሄር፣ የጥፍር ቅጥያ፣ ሜካፕ የሚሉት ነገር እንደ ወይባውና እንደ እንሶስላው ነው የማየው፤ ዋጋውንና ልብሽን ጠይቂ፣ ከዚያ በላይ ማንም ፖሊስ አይሁንብሽ። የሚያሳስበኝ ቆዳ የሚያቀላው ክሬም ነው። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለበት፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ቆዳውንም ያበላሻል። ከዚያ ባለፈ ጠይም ሆነሽ መፈጠርሽን ስሕተት ነው ብሎ የሚያሳምንሽ ነገር ነው፣ ይሄ ደግሞ ከጌጥ ያለፈ ጥያቄ ነው። ፊልተሩም ሲለመድ ያው ነው። አንዳንድ ልጅ በፊልተር የተነሳችውን ፎቶ አይታ መስታወቱን ትጠላዋለች።

ለሰባኪዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ጴጥሮስ ስለ ሴቶች ጌጥ የጻፈው ክፍል በቁጥር 6 ያልቃል። ቁጥር 7 «እንዲሁም፥ እናንተ ባሎች ሆይ» ብሎ ይጀምራል። ከሚስቶቻችሁ ጋር በማስተዋል ኑሩ፣ የሕይወትን ጸጋ አብረዋችሁ የሚወርሱ ናቸውና አክብሯቸው ይላል። የተሸረበች ሴት ጸሎቷ ይከለከላል የሚል ቃል እላይ የለም፤ ሚስቱን የማያከብር ባል ግን ማስጠንቀቂያው ተጽፎለታል፦ «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል»። ሦስተኛውን ቁጥር በየበዓሉ በድምጽ ማጉያ እንሰማዋለን። ሰባተኛውን ደግሞ ለሚቀጥለው ግሸን ያዙልን፣ ወንዶቹም በግራ በኩል ቆመዋል፣ ይሰማቸዋል።